ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ነበር፦ የኦሊቨር ማክጎዋን ጉዳይና የእንክብካቤ ሠራተኞች የመድኃኒት ግንዛቤ

ኦሊቨር ማክጎዋን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2016 ብሪስቶል ከተማ በሚገኘው ሳውዝሚድ ሆስፒታል ሕይወቱ አለፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሆስፒታል የገባው የሚጥል በሽታው ተደጋግሞ ስለተነሳበት ነው። እዚያው ተኝቶ ሳለ ግን ኦላንዛፒን የተባለ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት ተሰጠው፤ መድኃኒቱም እምብዛም የማይታይ፣ ሲከሰት ግን ሕይወት የሚያሳጣ ቀውስ አስከተለበት። ኦሊቨር ቀላል የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝምና የሚጥል በሽታ ነበሩበት፤ የአእምሮ ሕመም ግን አልነበረበትም። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች እንደማይስማሙት እሱ ራሱ ተናግሯል፣ ወላጆቹ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል፣ ይዞት በገባው ሰነድ ላይም በግልጽ ሰፍሯል።

ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሐኪሞች ስሕተት እንደሚያወራ ታሪክ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያየው ከሌላ ወገን፣ ማለትም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች በየቀኑ ከሚንከባከቡ ሠራተኞች ወገን ነው። ምክንያቱም ስለ ኦሊቨር መታወቅ የነበረበት ነገር ሁሉ የታወቀው ከጎኑ በሚውሉ ሰዎች ዘንድ ነበር፤ የጠፋው ያ ዕውቀት መድኃኒት ከሚታዘዝበት ጠረጴዛ ደርሶ ክብደት የሚያገኝበት መንገድ ነው። የእንክብካቤ ሠራተኛ ስለ አእምሮ መድኃኒት ምን ያህል ማወቅ አለበት የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘውም በዚህ መንገድ ላይ ይመስለኛል።

ወጣቱና ሕመሙ

ኦሊቨር ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ሲሆን በሕፃንነቱ ማጅራት ገትር ታሞ ነበር። ከሕመሙ ቢተርፍም ቀለል ያለ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በአንድ ወገን አካሉ ላይ የሚታይ ድክመት፣ እንዲሁም የሚጥል በሽታ ቀሩበት። ኦቲዝምና ቀላል የአእምሮ እድገት ውስንነት እንዳለበት የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ እግር ኳስ ተጫዋችና ሯጭ ነበር፤ ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ተጫዋቾች በተቋቋሙ የአካባቢ ቡድኖች ተሰልፏል፣ አንድ ቀን ፓራሊምፒክ ላይ ይደርሳል የሚል ተስፋም ተጥሎበት ነበር።

የኦሊቨር የሚጥል በሽታ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሁልጊዜ መሬት ላይ ወድቆ በመንፈራገጥ የሚገለጽ አልነበረም። ከአንጎል አንድ ክፍል የሚነሳው የሚጥል በሽታ ዓይነት ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ራሱን ሳያስተው ግራ ሊያጋባው፣ ድንገተኛ ፍርሃት ሊለቅበት፣ ያለ ዓላማ ሊያስኬደው፣ የሚነካውን ሰው እንዲገፋ ሊያደርገው ይችላል። እንግዲህ ሰውየው ኦቲዝም ካለበት፣ ብርሃንና ጫጫታ የበዛበት የድንገተኛ ክፍል ውስጥ ከሆነና የማያውቃቸው ሰዎች ከከበቡት፣ የሕመሙ ምልክት፣ የፍርሃቱ ምልክትና የኦቲዝሙ ምልክት እርስ በርስ ይደባለቃሉ። በር ላይ ቆሞ ለሚያይ እንግዳ ሰው ሦስቱም አንድ ነገር ብቻ ይመስላሉ፦ «አስቸጋሪ ጠባይ»።

ከመሞቱ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ኦሊቨር በተለያዩ ጊዜያት ሆስፒታል ገብቶ ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒቶች (ሳይኮሲስን፣ ማለትም ሰው ከእውነታው ተለይቶ የሌለ ነገር የሚያይበትን ወይም የሚሰማበትን ሕመም ለማከም የሚሰጡ፣ ኦላንዛፒንም ከእነሱ አንዱ የሆነ) ተሰጥተውት ነበር። ከዚያ በኋላ ጠባዩ ተለዋወጠ፤ ከመድኃኒቶቹ ጋር የተያያዙ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳቶችም ታዩበት። ይህ ተሞክሮ ለቤተሰቡም ለእሱም አንድ የማያጠራጥር ትምህርት ሰጣቸው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ለኦሊቨር አይሆኑም። ትምህርቱም በቃል ብቻ አልቀረም፤ የሆስፒታል ፓስፖርት ተብሎ በሚጠራው ሰነድ ላይ ተጻፈ። ይህ ሰነድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ሕክምና ሲሄድ ይዞት የሚገባው ሲሆን፣ እንዴት እንደሚግባባ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሕመም ሲሰማው ምን እንደሚያደርግና የማይስማሙት መድኃኒቶች የትኞቹ እንደሆኑ የሚዘረዝር አጭር ጽሑፍ ነው። በብዙ ቤቶች ይህን ሰነድ የሚሞሉትና የሚያድሱት ሐኪሞች ሳይሆኑ ቤተሰቦችና የእንክብካቤ ሠራተኞች ናቸው።

ከኦክቶበር 22 እስከ ኖቬምበር 11

ኦሊቨር ወደ ሳውዝሚድ ሆስፒታል የተወሰደው ኦክቶበር 22 ቀን 2016 ነበር። ሕመሙ እየተመላለሰ ይነሳበት ስለነበር በጣም ፈርቶና ተረብሾ ነበር። ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒት እንዳይሰጠው ጠየቀ፤ ወላጆቹም የቀደመውን ሁሉ ነገሩ። ቀጥሎ በማደንዘዣ እንዲተኛ ተደርጎ በመተንፈሻ ማሽን እየታገዘ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኦላንዛፒን የታዘዘለት በዚህ ሁኔታ ውስጥ እያለ ነው። ትእዛዙ የተሰጠው የሳይኮሲስ ሕመም ስለተገኘበት አልነበረም፤ መረበሹንና ጭንቀቱን ለማስታገስ ታስቦ ነበር። መድኃኒቱ ከተሰጠው በኋላ ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድረም የተባለው ቀውስ ተከሰተበት፤ ከፍተኛ ትኩሳት ያዘው፣ አንጎሉም ክፉኛ ተጎዳ። የማገገም ተስፋ እንደሌለው ለቤተሰቡ ተነገራቸው፤ ሕይወቱን ያቆየው እርዳታ ተቋርጦ ኖቬምበር 11 ቀን አረፈ።

ይህ ቀውስ ምን እንደሆነ ማንኛውም ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጋር የሚሠራ ተንከባካቢ ሊያውቀው ስለሚገባ ጥቂት ማብራራት ይገባል። ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒቶች በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር የሚሠራበትን መንገድ ይዘጋሉ። ዶፓሚን ደግሞ ከስሜትና ከአስተሳሰብ ሌላ የጡንቻን መላላትና መገተር እንዲሁም የሰውነትን ሙቀት በመቆጣጠር ረገድ ድርሻ አለው። መዘጋቱ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከልክ ሲያልፍ ሰውነት ይገተራል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይዋዥቃሉ፣ ሰውየው ይደነዝዛል ወይም ይቃዣል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። የሚከሰተው በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ትኩሳት ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ኢንፌክሽንን ስለሆነ በቀላሉ ያመልጣል። በእንክብካቤ ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ «ትናንት አዲስ መድኃኒት ጀምሯል፣ ዛሬ ክንዱን ማጠፍ አቅቶናል፣ ያተኩሰዋል» ብሎ አምቡላንስ ቢጠራ፣ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ጥርጣሬ ልትመራው ትችላለች። ያው ሠራተኛ «ጉንፋን ይዞታል» ብሎ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ቢያስተኛው ግን የሚባክነው እጅግ ውድ የሆነው ሰዓት ነው።

ሁለት መርማሪዎች፣ ሁለት መደምደሚያ

በ2018 የሞቱን ምክንያት ያጣሩት መርማሪ ዳኛ፣ እንግሊዞች ኮሮነር የሚሏቸው፣ የመድኃኒቱ ጉዳት በሞቱ ውስጥ ድርሻ እንደነበረው ቢቀበሉም መድኃኒቱ በአግባቡ የታዘዘ ነበር የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ቤተሰቡ ይህን አልተቀበለም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ሞት ለመገምገም በተዘረጋው አገር አቀፍ ፕሮግራም የተካሄደው የመጀመሪያ ግምገማም ሂደቱ ጉድለት እንደነበረበት ስለታመነ፣ በፊዮና ሪቺ የሚመራ ነጻ ገምጋሚ ቡድን ጉዳዩን እንደገና መረመረ። በኦክቶበር 2020 የወጣው የዚህ ቡድን ሪፖርት የኦሊቨር ሞት ሊወገድ ይችል እንደነበር ገለጸ።

ሁለቱ መደምደሚያዎች የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ በእኔ እይታ ግን የተለያዩ ጥያቄዎችን ነው የመለሱት። የመጀመሪያው የጠየቀው በዚያች ሰዓት፣ በዚያ አልጋ ላይ ለተረበሸ ሕመምተኛ ኦላንዛፒን ማዘዝ ከሙያው ወሰን የወጣ ነው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ወደ ኋላ ተመልሶ ሰውየው ለምን ተረበሸ፣ እንዳይረበሽ ምን ተደረገ፣ የሚያውቁት ሰዎች የተናገሩት የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። መድኃኒትን ብቻ ነጥሎ የሚያይ ሁሉ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይቀራል፤ የእንክብካቤ ሠራተኛ ሊረዳ የሚችለው ግን በሁለተኛው ነው።

የፈቃድን ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይላል። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የ2005ቱ የአእምሮ ብቃት ሕግ ዕድሜው 16 የሞላው ሰው ሁሉ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ የራሱን ውሳኔ ለመወሰን ብቃት እንዳለው ይቆጥራል። ኦሊቨር 18 ዓመት ስለሞላው ወላጆቹ በወላጅነታቸው ብቻ ስለ እሱ መወሰን አይችሉም ነበር፤ ሕጉ ግን ሰውየው ራሱን በማያውቅበት ጊዜ ለጥቅሙ የሚወስን ሐኪም ሰውየው ቀደም ሲል የገለጸውን ፍላጎት ከግምት እንዲያስገባና የሚንከባከቡትን ሰዎች እንዲያማክር ያስገድዳል። የሚንከባከቡት ሲባል ቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ በእንክብካቤው ላይ የተሰማራን ማንኛውንም ሰው ይጨምራል። አብዛኛው ሠራተኛ ይህን አያውቅም። ስለዚህ የሚንከባከበውን ሰው ተከትሎ ሆስፒታል ሲሄድ ራሱን እንደ ሸኚ ይቆጥራል፣ ወንበር ፈልጎ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል፤ ሕጉ ግን ሊማከር የሚገባ ሰው ያደርገዋል።

በአንድ ሆስፒታል ብቻ ያልተወሰነ ነገር

ኦሊቨር ከሞተበት ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ ከብሪስቶል ወጣ ብሎ፣ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል የግል ሆስፒታል ነበር። በ2011 ቢቢሲ በድብቅ ካሜራ ያነሳው ፊልም በዚያ የነበሩ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች እንዴት ይደበደቡና ይዋረዱ እንደነበር አሳየ፤ 11 ሠራተኞችም ጥፋተኛ ተባሉ። ያን ተከትሎ በተካሄዱት ማጣራቶች ትኩረት ካገኙት ነገሮች አንዱ የመድኃኒት ጉዳይ ነው። በ2015 የእንግሊዝ የኅብረተሰብ ጤና መሥሪያ ቤት ባወጣው ግምት መሠረት፣ በማንኛውም አንድ ቀን በአገሪቱ ከ30,000 እስከ 35,000 የሚደርሱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች ተገቢ የሕክምና ምክንያት ሳይኖራቸው ፀረ-ሳይኮሲስ ወይም ፀረ-ድብርት መድኃኒት ወይም ሁለቱንም ይወስዱ ነበር። በዚያው ዓመት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ የ33,016 ሰዎችን መዝገብ ያየ ጥናት ደግሞ ፀረ-ሳይኮሲስ ከሚወስዱት መካከል 71 በመቶ ያህሉ ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው የሚያሳይ መዝገብ እንዳልነበራቸው አረጋገጠ።

ታዲያ ያለ ሕመሙ ለምን ይታዘዛል? መልሱ በአብዛኛው ጠባይ ነው፤ መማታት፣ መጮኽ፣ ዕቃ መስበር፣ ራስን መንከስ። መድኃኒቱ ለዚህ ይሠራል ወይ የሚለውን በቀጥታ የፈተነ አንድ ጥናት በ2008 ላንሴት በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ሳይኮሲስ የሌለባቸው ነገር ግን ኃይለኛ ጠባይ የሚያሳዩ 86 አዋቂዎች በዕጣ በሦስት ተከፍለው ሪስፐሪዶን ወይም ሃሎፔሪዶል የተባሉት ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒቶች፣ ወይም ምንም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ተሰጣቸው። ከአራት ሳምንት በኋላ በሦስቱም ወገን ጠባያቸው ተሻሻለ፤ ትልቁ መሻሻል የታየው ግን ማስመሰያውን በወሰዱት ላይ ነበር። ከዚህ ተነስቶ መድኃኒቱ ፈጽሞ አይጠቅምም ማለት ይከብዳል፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ናቸው። የሚያሳየው ነገር ግን ለእንክብካቤ ቤት ትልቅ ነው። መድኃኒት ሲጀመር ሰው ሁሉ ትኩረት ይሰጣል፣ ሠራተኛው ይበልጥ ይከታተላል፣ ተስፋ ያደርጋል፣ ሐኪሙ ተመልሶ ይጠይቃል፤ ሰውየው የተሻለውም በዚህ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ግን «ክኒኑ ሠርቷል» ብሎ ይመዘግባል፣ ክኒኑም ለዓመታት ይቀጥላል።

ናይስ በመባል የሚታወቀው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2015 ያወጣው መመሪያ ይህን ለመገደብ የታሰበ ነው። ለአስቸጋሪ ጠባይ ፀረ-ሳይኮሲስ የሚታሰበው ሌሎች የሥነ ልቦናና የአካባቢ ማስተካከያዎች በቂ ለውጥ ሳያመጡ ሲቀሩ፣ ጠባዩን ያባባሰው የአካል ወይም የአእምሮ ሕመም ታክሞም ለውጥ ሳይኖር ሲቀር፣ ወይም አደጋው እጅግ ከባድ ሲሆን ነው፤ ለብቻውም ሳይሆን ከሌላው እገዛ ጋር ተጣምሮ ነው። ከተጀመረ በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ውጤቱ ይገመገማል፣ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ለውጥ ካልታየ እንዲቆም ይመከራል። የአገሪቱ የጤና አገልግሎትም በ2016፣ ኦሊቨር በሞተበት በዚያው ዓመት፣ ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠውን ከልክ ያለፈ የአእምሮ መድኃኒት ለማስቆም ስቶምፕ የተባለ አገር አቀፍ ዘመቻ ጀምሮ ነበር።

መዝገቡን የሚጽፈው እጅ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ሠራተኛው እንመለስ። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ድብርት ያለበትን ሰው ሲያክም በአብዛኛው የሚተማመነው ሰውየው ስለ ራሱ በሚናገረው ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነቱ ከባድ የሆነ ሰው ግን ውስጡን በቃል መግለጽ ስለማይችል ሐኪሙ የሚይዘው ማስረጃ ከአሥራ አምስት ደቂቃ ቀጠሮና ሠራተኛው ይዞት ከመጣው መዝገብ የተገኘ ነው። እንግዲህ በመዝገቡ ላይ «ሰኞ ተረብሿል፣ ማክሰኞ ተረብሿል፣ ሐሙስ ሠራተኛ መትቷል» የሚል ብቻ ከተጻፈ፣ ሐኪሙ ያለው ምርጫ ጠባብ ነው። መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ነው ብንልም የትእዛዙን ግማሽ የጻፈው ሠራተኛው ነው።

ያው መዝገብ «ሰኞ ምሳ ከበላ በኋላ ሆዱን ይዞ ጮኸ፤ ከዓርብ ጀምሮ ሽንት ቤት አልተቀመጠም» ቢል ግን ጉዳዩ የሆድ ድርቀት ይሆናል። «ሐሙስ ሠራተኛዋን የመታት ፊቱን በግራ በኩል ልታጥበው ስትል ነው» ቢል የጥርስ ሐኪም ይጠራል። የጥርስ ሕመም፣ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ የወር አበባ ሕመም፣ የሚወደው ሠራተኛ ሥራ መልቀቁ፣ የክፍል ጓደኛው ጩኸት፤ እነዚህ ሁሉ ሲመዘገቡ መልክ ይይዛሉ፣ ሳይመዘገቡ ሲቀሩ ግን ሁሉም በአእምሮ እድገት ውስንነቱ ይሳበባሉ።

ከሁሉ የሚከፋው መድኃኒቱ ራሱ ያመጣው ነገር ሕመም ተደርጎ ሲወሰድ ነው። ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒቶች አካቲዚያ የሚባል ውስጣዊ ዕረፍት ማጣት ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ ሰውየው መቀመጥ አይችልም፣ እግሩን ያፈራርቃል፣ ኮሪደሩን ሲመላለስ ይውላል፣ የያዘውን ሰው ይገፋል። መናገር የሚችል ሰው «ከቆዳዬ ልወጣ ደረስኩ» ይል ይሆናል፤ መናገር የማይችለው ይመላለሳል፣ ይጮኻል። ሠራተኛው «መድኃኒት ጀምሮም አልተሻለውም፣ እንዲያውም ባሰበት» ብሎ ይጽፋል፣ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፣ ዕረፍት ማጣቱም ይጨምራል። የሚጥል በሽታን ለመከላከል ከሚሰጡት መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሌቬቲራሴታም፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ብስጭትና ቁጣ ያመጣሉ። አንድ ሰው ለሚጥል በሽታው በተሰጠው መድኃኒት ተቆጥቶ፣ ለቁጣው ደግሞ የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅስ የሚችል ፀረ-ሳይኮሲስ ቢጨመርለት፣ ነገሩን ከመነሻው ሊፈታው የሚችለው መድኃኒቶቹ የተጀመሩበትን ቀንና የጠባዩን ለውጥ ቀን ጎን ለጎን የያዘ መዝገብ ብቻ ነው።

«እንደ አስፈላጊነቱ» ተብለው የሚታዘዙት ማስታገሻዎች ሌላ ርእስ ይፈልጋሉ፤ እዚህ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አስፈላጊነቱን የሚወስነው ሌሊት ብቻውን ተረኛ የሆነው ሠራተኛ ስለሆነ፣ መቼ፣ ከምን ሙከራ በኋላ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ የማይገልጽ ትእዛዝ ሠራተኛውን ያለ ሥልጣን ሐኪም ያደርገዋል።

በለንደን፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች፣ እንዲሁም በሌሎች ቦታዎች ብዙ የአገራችን ሰዎች በዚህ ሥራ ላይ ተሰማርተዋል፤ ጽሑፉን በአማርኛ ማቅረብ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ሐኪም ፊት ዝም ማለት አክብሮት ከሆነበት ቤት ያደገ ሰው፣ በዚያ ላይ ቋንቋው ሁለተኛ ቋንቋው የሆነና ሥራውን እንዳያጣ የሚሰጋ ሰው፣ «ይህ መድኃኒት ለምን ተሰጠው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሊመስለው ይችላል። ጥያቄው ግን የሥራው አካል ነው። ሠራተኛው ፋርማኮሎጂ፣ ማለትም የመድኃኒት ሳይንስ፣ እንዲያውቅ የሚጠብቅ የለም። ማወቅ ያለበት በአጠገቡ ያለው ሰው እያንዳንዱን መድኃኒት ለየትኛው ምልክት እንደሚወስድ፣ ያ ምልክት ከመድኃኒቱ በፊት ምን ያህል እንደነበረና አሁን ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ሲታይ ወዲያው እርዳታ እንደሚጠራ፣ ቀጣዩ ግምገማ መቼ እንደሆነና ሰውየው ራሱ ስለ መድኃኒቱ ምን እንደሚል ነው። ብዙ ሠራተኞች የመድኃኒት አሰጣጥ ቅጹን ያለ አንዳች ጉድለት ይሞላሉ፣ ሰዓቱን ያከብራሉ፣ ፊርማቸውን ያኖራሉ፤ «ለምንድን ነው የሚወስደው?» ሲባሉ ግን «ለጠባዩ» ይላሉ። ይህ መልስ ስለ መድኃኒቱም ስለ ሰውየውም ምንም አይነግርም።

ይህን ያነበበ ሠራተኛ ግን ክኒኑን በራሱ ፈቃድ ማስቀረት የለበትም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች መካከል ሳይኮሲስ ወይም ባይፖላር የሚባለው ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም ያለባቸውና መድኃኒቱ ሕይወታቸውን የመለሰላቸው አሉ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥም እንቅልፍ ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ መረበሽና የሕመሙ ማገርሸት ሊከተል ይችላል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ማቆም ደግሞ ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። መቀነስ የሚገባው ባዘዘው ባለሙያ ዕቅድ፣ ቀስ በቀስ፣ ከየደረጃው በኋላ የታየው እየተመዘገበ ነው።

ከሞቱ በኋላ የመጣው ሥልጠና

የኦሊቨር እናት ወይዘሮ ፓውላ ማክጎዋን የጤናና የእንክብካቤ ሠራተኞች ሁሉ ስለ አእምሮ እድገት ውስንነትና ስለ ኦቲዝም እንዲሠለጥኑ የሚጠይቅ አቤቱታ አቀረቡ፤ ከ50,000 በላይ ሰዎች ፈረሙበት፣ በ2018ም ፓርላማ ተወያየበት። ከዚያም የ2022ቱ የጤናና እንክብካቤ ሕግ የጤናና የእንክብካቤ አገልግሎቶችን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የተመዘገቡ አገልግሎት ሰጪዎች ሁሉ ሠራተኞቻቸው በየሥራ ድርሻቸው ይህን ሥልጠና እንዲያገኙ አስገደደ። መንግሥት ያዘጋጀው ሥልጠና የኦሊቨርን ስም ይዟል። ሁለት ደረጃ አለው፤ አንደኛው ጠቅላላ ግንዛቤ ለሚበቃቸው ሠራተኞች በኮምፒውተር የሚወሰድ ትምህርትና አጭር የቀጥታ ውይይት ሲሆን፣ ሁለተኛው በቀጥታ እንክብካቤ ለሚሰጡ የሚሆን የአንድ ሙሉ ቀን ሥልጠና ነው። በሁለቱም ከአሠልጣኞቹ መካከል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውና ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች አሉበት። አፈጻጸሙን የሚወስነው ደንብም በ2025 ወጥቷል።

ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ማሠልጠናቸው ከሁሉ የሚበልጥ ጥንካሬው ይመስለኛል፤ መድኃኒት ሲሰጠው ምን እንደተሰማው ከሚናገር ሰው ጋር አንድ ቀን የዋለ ሠራተኛ በማግስቱ የሚያየው ሰው ይለወጥበታል። ድክመቱ ደግሞ ሥልጠናው ስለ ሰዎቹ እንጂ በዋናነት ስለ መድኃኒቶቹ አለመሆኑ ነው። የመድኃኒት አሰጣጥ ሥልጠና በበኩሉ ትክክለኛውን ክኒን ለትክክለኛው ሰው በትክክለኛው ሰዓት መስጠትን ያስተምራል፤ ክኒኑ መሰጠት ነበረበት ወይ የሚለውን አይነካም። በሁለቱ ሥልጠናዎች መካከል ክፍተት አለ፤ ኦሊቨር የወደቀውም እንደዚህ ባለ ክፍተት ውስጥ ነው፤ በአንድ በኩል መድኃኒቱን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፣ በሌላ በኩል እሱን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ክፍተቱን በተግባር ለመዝጋት ከሁሉ የቀረበው አጋጣሚ በእንግሊዝ ዕድሜያቸው 14 ለሞላ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ሁሉ የሚሰጠው ዓመታዊ የጤና ምርመራ ነው። የመድኃኒት ግምገማ የዚህ ምርመራ አካል ነው። አንድ የእንክብካቤ ቤት ለዚያ ቀጠሮ የታደሰ የሆስፒታል ፓስፖርት፣ የእያንዳንዱን መድኃኒት ምክንያትና የተጀመረበትን ቀን የያዘ አንድ ገጽ፣ የመጨረሻዎቹን ወራት የጠባይ፣ የእንቅልፍ፣ የክብደትና የሚጥል በሽታ መዝገብ አዘጋጅቶ፣ ሰውየውን በእውነት ከሚያውቀው ሠራተኛ ጋር ሊልከው ይችላል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚላከው የዚያን ቀን ተረኛ የሆነው ነው፤ ትናንት የተቀጠረም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ለሐኪሙ የሚያቀርበው የክኒኖቹን ሣጥን ነው።